ለቆይ ቆይ የተሰፋ ልብስ

ውድ አባዬ፣

እህቴ ዘንድ እንደተመቸህ ሰምቻለሁ። መደወል እችል ነበር፤ ግን አንተ ስልክ ላይ ዝም ስትል እኔ መቀባጠር እጀምራለሁ፤ ያን ደግሞ ሁለታችንም ጠግበነዋል። አፍሬአለሁ አባዬ። ከየት እንደምጀምርም አላውቅም።

ከማሽኖቹ ስም ልጀምር። ጌም ቤቴ ውስጥ ፋብሪካው ባወጣው ስም የሚጠራቸው የለም። እሱ ከፊደልና ከቁጥር የተገጣጠመ ነገር ስለሆነ ካርቶኑ ላይ ይቀራል። አዲስ ማሽን ሲገባ «እንግዳው» ይባልና ደንበኞቹ ጠባዩን አይተው ስም ያወጡለታል። ነጯ ትንሽ ሲነኳት ኩርፍ ብላ ስለምትጠፋ «ንግሥት» ሆነች። «ምድጃ» ጨዋታው ሳይጋመስ ይግላል፤ በብርድ ቀን እሱ አጠገብ ለመቀመጥ ግፊያ ነው። ይህን ስነግርህ ስቀህ ነበር።

የሦስተኛውን ስም ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ። ያረጀ ስለሆነ ጎል ሊገባ ሲል ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። አንድ ቀን እንዲህ ስታክ ሲያደርግ ጣቴን ቀስሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ቆይ፣ ቆይ» አልኩ። ቃል አልወጣ ሲልህ አንተ እንደምታደርገው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እነሱ አንተን አያውቁህም፤ የሳቁት በእኔ ትወና ነው። እኔ ግን በማን እንደምስቅ አውቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ «ቆይ ቆይ» ተባለ፤ ቀጥ ባለ ቁጥርም ሁሉም ጣቱን ያነሳል።

ባለፈው ሰሞን አቧራ እንዳይገባባቸው ሽፋን ልስፋላቸው ብለህ ሜትርህን አንገትህ ላይ ጣል አድርገህ መጣህ። ስማቸውንም እጠልፍበታለሁ አልክ። ንግሥትን ለካህ፣ ምድጃን ለካህ፤ ሦስተኛው ጋ ጎንበስ ስትል ምስሉ ቀጥ አለ። ጣቶቹ ሁሉ ተነሡ። ቤቱ በአንድ ድምፅ፣ ያውም በአንተው ድምፅ፣ «ቆይ፣ ቆይ» አለ።

ሜትሩን ሳትለቅ ወደ እኔ ዞርክ። «ስሙን ማን ነው ያወጣለት?» አልከኝ፤ አንዴም ሳትደናቀፍ።

«ደንበኞቹ ናቸው» አልኩህ።

እነሱም ተያዩ። አዘውትሮ የሚመጣው የታክሲ ሾፌር አንገቱን ደፋ። አንተ ለክተህ ጨርሰህ በሩ ላይ ከደረስክ በኋላ ተመለስክና ጣትህን አነሣህ። «ቆይ...» ስትል እንደ ልማዴ ከአፍህ ነጥቄ፣ «አዎ፣ ሲያልቅ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብዬ ሸኘሁህ። ልትል የፈለግከው እሱን እንዳልነበር ፊትህ ላይ አይቻለሁ።

እህቴ ዘንድ ከሄድክ በኋላ ሱቅህን ከፍቼ ስገባ ሽፋኖቹ የስፌት መኪናህ ላይ ተጣጥፈው ጠበቁኝ። ለቆይ ቆይ ከሁሉም አስበልጠህ ገበር አድርገህለታል። ስሙም ተጠልፏል፤ ፊደሉ ከሌሎቹ አላነሰም፣ ክሩ አልተለየም፣ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ቀዳደህ ጥለኸው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ይዤው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ትናንት ሽፋኑን ይዤ ደንበኞቹ ፊት ቆምኩ። ስሙ ከአባቴ የተወሰደ ነው፣ በአባቴ ያሾፍኩትም፣ በእናንተ ያላከክሁትም እኔ ነኝ አልኳቸው። ሾፌሩ ብቻ፣ «አባትህ እኮ ያኔውኑ ገብቷቸዋል» አለኝ። ስሙ ይቀየር እንደሆነም ጠየቁኝ። እሱን አንተ ትወስናለህ ብያቸዋለሁ፤ እኔ ከእንግዲህ ለማንም ስም አላወጣም።

ከዚያ መጫወት ጀመሩና ማሽኑ ያው እንደ ጠባዩ ቀጥ አለ። ጣቱን ያነሣ የለም። ጆይስቲካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ሳይነካኩት፣ በራሱ ጊዜ እስኪቀጥል ጠበቁት።

እኔ አንተን እንደዚያ ጠብቄህ አላውቅም። ቃልህን እየነጠቅኩ ስጨርስልህ የረዳሁህ ይመስለኝ ነበር። ለአንድ አሮጌ ማሽን የሚሰጠውን ትዕግሥት ለአባቴ ነፈግኩ።

አባዬ፣ ያን ዕለት በሩ ላይ ልትለኝ የነበረው ምን እንደሆነ አላውቅም። ስድብም ይሁን፣ ና እና ንገረኝ። እስክትጨርስ አፌን ዘግቼ እቆማለሁ።

ያፈረው ልጅህ