የክራር ድምፅ ያለበት ካርድ

ሐሙስ፣ ጥር 14

ልጄ ዮናስ ከናይሮቢ ሲመለስ መኪና ተገልብጦ መሞቱን የነገሩኝ ከወራት በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ሱቄ ውስጥ ስኳር ስመዝን ነበር። የሄደው ሰርግ ላይ ለሚጫወትበት ኪቦርድ የክራርና የማሲንቆ ድምፅ ያለበት ካርድ ሊገዛ ነው። ካርዱን ከኪሱ አውጥተው አመጡልኝ። ኪቦርዱን ለጓደኛው ለናሆም ሰጠሁት፤ ካርዱን ግን አስቀረሁ።

ዛሬ ናሆም ከእናቱ ከእታገኝ ጋር መጣ።

«እማማ፣ ለኪቦርዱ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ልግዛለት ወይስ የድምፅ ካርድ? የቅዳሜዎቹ ሙሽሮች ክራር ይፈልጋሉ» አለኝ።

እታገኝ አላስጨረሰችውም። «አንተ መጀመሪያ ፀጉርህን ተቆረጥ! የጎልቦ በረሃ ፍየል መስለህ ሰርግ ልትሄድ ነው?»

እሱ ሳቀ። እኔ ቀናሁ። ስትቆጣው ነው የቀናሁባት። የምትቆጣው ልጅ አላት።

«ፔዳሉ ይሻልሃል። ካርዱ ለዚህ ኪቦርድ አይሆንም» አልኩት።

ዋሸሁት። ካርዱ በመሐረቤ ጫፍ ተቋጥሮ እጄ ውስጥ ነበር። ናሆም አመነኝ፤ ጉልበቴን ስሞ ሄደ።

ቅዳሜ የሰርጉ ዘፈን እስከ ቤቴ ይሰማል። ክራር ሲጎድለው ደስ እንዳይለኝ እፈራለሁ።

ከእኔ በኋላ ይህን ደብተር የምታገኙ፣ ለዮናስ ነፍስ ጸልዩለት። እሱ ቢሆን ካርዱን ይሰጠው ነበር።