ማንኳኳቱን ለተጫነው ክቡር አውራ ጣት

ለክቡር ሚስተር ሃርላን ዊትከም፣ የከተማችን ቤዝቦል ክለብ ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሜዳው በደም ሲጨማለቅ እርስዎ ከድምፅ ክፍላችን መስታወት ጀርባ ስለነበሩ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ሸሚዝዎን እንዳልነካች በዓይኔ አይቻለሁና በጤናዎ በኩል ሐሳብ የለኝም።

እኔ ዋንዳ ክረፕስካ ነኝ፤ በስታዲየሙ የድምፅ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጬ የተጫዋቾችን መግቢያ ዘፈን ስለቅ የኖርኩ፣ ሰኞ ጠዋት «ዘፈኑን በስህተት ለቃለች» ብለው ያባረሩኝ ሴት። ስለ ራሴ ግን አልጽፍልዎትም። የምጽፈው ስለ ወርዋሪያችን ስለ ዮርማን ቴሃዳ ነው። በመግለጫዎ «ዘፈኑ ይለቀቅልኝ ያለውም፣ ሰው ሆን ብሎ የመታውም እሱ ነው» ስላሉ፣ ሐሙስ ሊጉ ፊት ይቀርባል፤ ከተፈረደበት ዕድሜ ልኩን ኳስ አይወረውርም። ስለዚህ ውለታዎን በቁጥር ልዘርዝረው።

አንደኛ፤ ሥራዬን ከእኔ በላይ ስላወቁልኝ አመሰግናለሁ። ያ «ማንኳኳቱ» የምንለው፣ ሦስት ጊዜ በር በመደብደብ ጀምሮ ደረት የሚያናውጥ የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ዘፈን ከተለቀቀ ዮርማን ገባ ማለት ነው፤ ሕዝቡም ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው አይቀበልም። እኛ ያልተማርነው ይህን ስለምናውቅ፣ አሰልጣኙ ሜዳ ገብቶ «ዮርማን ይግባ» ለማለት ቀኝ ክንዱን በእጁ ካልነካ በቀር አዝራሩን አንነካም። ዮርማን ሦስት ቀን በተከታታይ ወርውሮ ክርኑ አብጦ ነበር። አሰልጣኝ ኦዴል ጠዋት ክፍላችን በር ላይ ቆሞ «ዋንዳዬ፣ ዛሬ ማንኳኳቱን እንዳትነኪብኝ፤ ልጁ ክንዱን ማጠፍ አቅቶታል» አለኝ። ይህንኑ ለእርስዎ ነግሬዎታለሁ። እርስዎ ግን በመጨረሻው ዙር፣ በአንድ ነጥብ ቀድመን ሳለን፣ ሦስት እንግዶች አስከትለው ገቡና «ዞር በይ እስቲ፣ ሰዎቹ የመጡት ለዚህ ነው» ብለው በትከሻዎ ገፉኝ፤ አውራ ጣትዎንም አዝራሩ ላይ አሳረፉ። «ኧረ ጌታዬ፣ ተጭነው ይልቀቁት!» ብልዎም ዘፈኑ እስኪያልቅ አላነሱትም።

ሁለተኛ፤ ስምንት ሺህ ሰው በአንድ ጣት ስላሳበዱ አድናቆቴ ይድረስዎ። ሕዝቡ ወንበሩን ሦስት ሦስት ጊዜ እየደበደበ «ዮርማን! ዮርማን!» ሲል፣ አሰልጣኙ አይሆንም ብሎ እጁን ቢያወናጭፍ የቢራ ኩባያ ዘነበበት። አንዱማ «አስገባው፣ አንተ ቦቅቧቃ ሽማግሌ!» ብሎ ግንባሩን ፈነከተው። ዮርማን ይህን ሲያይ ክርኑ ላይ የታሰረውን በረዶ ፈትቶ ተነሣ። ምን ያድርግ? ሰውነቱን እንኳ ሳያሟሙቅ ገባ። ሦስተኛዋ ኳስ ከእጁ አመለጠችና የእንግዳውን ቡድን መቺ፣ ኬንድል ፕሩዊትን፣ ከግራ ዓይኑ ሥር አገኘችው። አጥንቱ ሲሰበር እኛ ክፍል ድረስ ተሰማ። እርስዎም ሰምተውታል፤ እንግዶችዎ ሲያፏጩ አብረው አፏጭተዋልና።

ሦስተኛ፤ ሕዝብ ስለማረጋጋትዎም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ዮርማን ሮጦ የሄደው ሊደባደብ አልነበረም፤ ማልያውን አውልቆ የኬንድልን ደም እየጠረገ «አይዞህ ወንድሜ፣ አይዞህ፣ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው» ሲል፣ ከኋላው የደረሰ አንድ የእንግዳው ቡድን ጎረምሳ አፉን በሄልሜት ነረተው። ሁለት ጥርሱ ሣሩ ላይ ወደቀ። ከዚያ ሃምሳ ተጫዋች ተዘነጣጠለ፤ ጡጫው፣ እርግጫው፣ የተሰበረው ዱላ፣ አጥር ዘሎ የገባው ተመልካች፣ በፀጉሯ የተጎተተችው የቡድኑ ሐኪም። እርስዎም «ሕዝቡን ለማረጋጋት» ብለው ማንኳኳቱን እንደገና ለቀቁት። ሰው በዘፈን ምት ሲቀጠቀጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። እውነቱን ልንገርዎትና፣ የተቀመጥኩበትን ወንበር አንሥቼ አናትዎ ላይ ልከሰክሰው ቃጥቶኝ ነበር። ባለማድረጌ እስካሁን ይቆጨኛል።

ኬንድል ዓይኑ ገና አልተገለጠም። ዮርማን ክርኑን እንደታሰረ፣ አፉን እንደተሰፋ፣ ሐሙስን ይጠብቃል። ትናንት ልጠይቀው ብሄድ በተሰፋ አፉ «እማማ ዋንዳ፣ እኔ እኮ ሰው አልመታሁም፤ ማን ያምነኛል?» አለኝ። እኔ አምንሃለሁ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያም እንባዬን ጠርጌ ይህን ደብዳቤ ልጽፍልዎ ተቀመጥኩ።

ከፍ ያለ አክብሮቴን ከመስታወትዎ ማዶ እየላክሁ፣ ያ ታታሪ አውራ ጣትዎም ከድካሙ እንዲያርፍ ከልቤ እየተመኘሁ፣

በትከሻዎ የገፏት የቀድሞ ሠራተኛዎ
ዋንዳ ክረፕስካ

ተጨማሪ፦ ተጭነው ይልቀቁት ያልኩዎ ለአዝራሩ አዝኜ አልነበረም። ጣት እስካልተነሣ ድረስ የክፍላችን ማይክሮፎን ክፍት ሆኖ የተናገርነው ሁሉ ጨዋታውን በሚያስተላልፈው ሬዲዮ ጣቢያ ይቀዳል። ጣትዎ አዝራሩ ላይ ሳለ ስለ ዮርማን «ክንዱ ቢገነጠል ምን ቸገረኝ፣ ሌላ እናስመጣለን!» ያሉት ጥርት ብሎ ተቀድቷል፤ ቅጂውም ዛሬ ጠዋት ሊጉ እጅ ገብቷል። ሐሙስ ስምዎ ሲጠራ በየትኛው ዘፈን መግባት እንደሚሹ ቢያስታውቁኝ አዝራሩን እኔው እጫንልዎታለሁ፤ ተጭኜም እለቀዋለሁ።