በቀይ ክር ስሙ የተጠለፈበት ሰደሪያ

ሃሊፋክስ፣ ኖቬምበር 1942

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ትንሿ ዶሪንስ ሳሏ ተሻላት? ከተማችሁን ሳውዝ ሺልድስን ጀርመኖች አሁንም በቦምብ እየደበደቧት ነው? የእኔ እጅ ቃጠሎው እየሻረ ነው፤ ጽሕፈቴ ቢጣመም አትሳቂብኝ።

የዊልፍን የመንሳፈፊያ ሰደሪያ ለዶሪን የአባቷ መታሰቢያ እንዲሆን እንድልክልሽ ጠይቀሻል። ባለፈው ደብዳቤ ባልሽ ሥራው ላይ ሳለ እንደሞተ፣ ሰደሪያውም ባሕር ላይ ተንሳፍፎ እንደተገኘ ነግሬሽ ነበር። ዋሸሁሽ። ያኔ የምትጽፍልኝ እዚህ ሆስፒታል ያለች ነርስ ነበረች፤ በሰው እጅ እውነቱን ማስጻፍ አፈርኩ።

እኛ የነዳጅ መርከበኞች ቤንዚን ጭነን ስንጓዝ ሰደሪያችንን ሳናወልቅ ከላይ የመርከቧ ወለል ላይ ነው የምንተኛው። አራግፈን ባዶ ስንመለስ ግን ሁሉም እፎይ ብሎ ታች አልጋው ውስጥ ይገባል። የነዳጁ ጋን ውስጥ የሚቀረው ትነት፣ ጋዙ፣ ከቤንዚኑ የባሰ እንደሆነ ሰምተናል፤ ማን ልብ ብሎት! ዊልፍ ብቻ ባዶም ስንሆን አያወልቅም ነበር።

የዚያን ዕለት ከምሳ በኋላ ተንበርክኬ ወለሉን ቀለም ስቀባ፣ ሊያሸልብ ወደ ታች ሲወርድ አየሁት። «አንተ ሰውዬ፣ ከነሰደሪያህ ነው እንዴ የተወለድከው? ባዶ ቆርቆሮ ላይ የትኛው ሰርጓጅ መርከብ ቶርፔዶ ያባክናል?» አልኩት። «እህትህ ያለበሰችኝን አንተ አታስወልቀኝም!» አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን መች ተውኩት፣ «ሚስት ፈሪ» እያልኩ ነዘነዝኩት። በመጨረሻ አወለቀና ወረወረልኝ። «በል እንካ፣ ጉልበትህ ስር አንጥፈው። ስነቃ ትመልስልኛለህ» ብሎ ወረደ። አነጠፍኩት። የእኔው ሰደሪያ ታች ሳጥኔ ውስጥ ነበር።

ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ቶርፔዶው የመታን እነዊልፍ በተኙበት በኩል ነው፤ ወዲያው ጋዙ ተያያዘ። ከታች አንድም ሰው አልወጣም። ምነው ያን ጊዜ ምላሴ በተቆረጠ!

ሰደሪያውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። በቀይ ክር የጠለፍሽው ስሙ ጨው ቢያደበዝዘውም ይነበባል። ማሰሪያዎቹን ግን ተቆርጠው ታገኚያቸዋለሽ። ቋጠሮው አልፈታ ቢላቸው፣ ነርሶቹ ደረቴ ላይ እንዳለ በመቀስ ቆረጡት።

እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ዶሪንን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። መልስ ባትጽፊልኝም አልቀየምሽም።

አሁንም ወንድሜ የምትይኝ ከሆነ፣
ወንድምሽ