ሆድ ከባሳቸው እናት አጠገብ በመቀመጤ ስለተሰጠኝ ዜሮ

ለተከበሩ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የጋራ መግቢያ ፈተና ቦርድ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና ስል ግን በአማርኛ ደህና ማለቴ ነው፤ በቦርድዎ ትርጉም ቃሉ ምን ዓይነት በሽታ እንደሚሆን አላውቅም። የሥራ ብዛት ጤናዎን እንዳያጓድልብዎ፣ ዓይንዎ እንዳይደክም፣ የተቀመጡበት ወንበርም እንዳይነቃነቅብዎ ከልቤ እመኛለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ቦርድዎ ለይግባኜ በሰጠው መልስ፣ የአማርኛውን ጉዳይ የሚያረጋግጡ ሁለት የተመሰከረላቸው ባለሙያዎች እንዳሉት ገልጾልኛልና እነሱ ይተርጉሙልዎ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ስሆን፣ ሕክምና ልማር ብዬ ከውጭ አገር ካመለከቱት አንዷ ነኝ፤ ወይም ነበርኩ። በአንድ ጥያቄ የተነሣ «ታካሚን ለአደጋ የሚያጋልጥ ዝንባሌ» ተገኝቶብኛል ተብሎ፣ የቀረው ውጤቴ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን እንዳልገባ፣ ዳግመኛም ለፈተና እንዳልቀርብ ተወስኖብኛል። የመጨረሻው የይግባኝ ጉባኤ በሚቀጥለው ወር ይቀመጣል። እስከዚያ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ አማርኛ ተናግሮ ያደገ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ጥያቄውንና መልሴን ጎን ለጎን አድርጎ ያንብብልኝ። ይህንኑ በጓሮ በር ደጋግሜ ብለምን የሚሰማኝ ስላጣሁ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ በሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ በፊት ለፊት በር መጥቻለሁ።

መምህርት ነኝና ነገሬን በቁጥር ካላስቀመጥኩ አይሆንልኝም፤ ይታገሡኝ።

አንደኛ። ቦርድዎ ለእኛ ለውጭ አመልካቾች አዝኖ፣ «ከታካሚ ጋር» የተሰኘውን የፈተናውን ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋችን እንድንፈተን በመፍቀዱ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ወዲያው ደግሞ አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ለመሆኑ ማህተም ያረፈበት ማስረጃ እንዳቀርብ አዘዘ። ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ። አንዱ ጸሐፊ ለዚህ የሚሆን ማህተም የለንም ብሎ ሲመልሰኝ፣ ሌላው ደግሞ እስኪበቃው ሳቀብኝ። በመጨረሻ እናቴ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፣ ስፒሉን ከደረቷ ሳትነቅል ተነሥታ ውል አዋዋዩ ፊት ቀረበችና፣ «አፏን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልዘጋ ብሎኝ ነው የምቸገረው» ብላ መሰከረች። ሰውየው ቃሏን እንዳለ ጽፎ ማህተሙን መታበት። ማስረጃው ዛሬም በእጅዎ ይገኛል፤ ካልጠፋ።

ሁለተኛ። በአገሬ የፈተና ጣቢያ ስለሌለ፣ ድንበር ተሻግሬ እንድፈተን ስለተደረገው ዝግጅት አመሰግናለሁ። የፈተናው ክፍል ከአንድ የመኪና መንዳት ማሠልጠኛ በላይ ያለ ፎቅ ነበር። ፈታሿ ሴትዮ ኪሴን፣ እጅጌዬን፣ የካልሲዬን ውስጥ ካየች በኋላ፣ የጸጉሬን ሥር በባትሪ ፈተሸችው፤ መልስ ደብቄ እንደሆነ ብላ ነው እንግዲህ። ከዚያ ስቀመጥ ከታች አሠልጣኙ ባለ በሌለ ድምፁ በእንግሊዝኛ «ፍሬን! ፍሬን ያዢ!» እያለ ይጮኻል። መልስ ለመምረጥ እጄን ባነሣሁ ቁጥር ፍሬን ያዢ ይለኛል። ያኔ ተናድጄበት ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ከቦርዱ ሁሉ የሚበጀኝን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ደሜን ስለሚያፈላው ወደ ኋላ ላቆየው።

አራተኛ። ፈተናው «የታካሚው ሁኔታ መለወጡን ሲያዩ በመጀመሪያ ለእህት ይናገራሉን?» ብሎ ጠየቀኝ። ክቡር ሆይ፣ በእኛ ቋንቋ ነርሷን «ሲስተር» እንላታለን። መርፌ ፈርቶ እናቱ ጉያ የሚሸጎጠው ሕፃን እንኳ ሲስተር መጣች ብሎ ነው የሚያለቅሰው። ተርጓሚዎችዎ ግን ጥሩ አማርኛ ይሁንልን ብለው ሲስተርን እህት አደረጓት፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። እኔ እህት ሲባል የማውቀው ታናሽ እህቴን ነው። እሷ ደግሞ ጸጉር ሠሪ ናት፣ ሰፈሩ በሙሉ «ሬዲዮ» ነው የሚላት፤ ከጸጉር ማድረቂያው ካስካ ሥር የገባ ወሬ ሳይደርቅ ይወጣል። የሰው ገመና ለሬዲዮ እንዴት ይነገራል? «በፍጹም አልናገርም፤ የታካሚ ምስጢር ነው» ብዬ ጻፍኩ። ነጥቡን ተቀነስኩ። እህቴም ይህን ስትሰማ ወሬ አመላላሽ አደረገችኝ ብላ አኮረፈችኝ፤ ማኩረፏንም ዕለቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ይህችን ነጥብ እንኳ ለቦርድዎ በምርቃት ትቼለታለሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልመለስ። ጥያቄው ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ብቻዋን የምትኖር አንዲት አሮጊት ሆድ ብሷት ወደ እርስዎ ትመጣለች። በመጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? በራስዎ አባባል ይግለጹ።»

ፈተናው እኔን «እርስዎ» ብሎ እኚያን እናት «እሷ» ማለቱን አይቼ ከንፈሬን መጠጥኩና አለፍኩት። ጥያቄውን ግን ወደድኩት። እሰይ፣ እነዚህ ሰዎች ለካ የሰው ነገር ይገባቸዋል አልኩ። እርስዎ ስለማያውቁት ልንገርዎና፣ ሆድ የባሰው ሰው ማለት ያዘነ፣ የተከፋ፣ አለሁልህ የሚለው ሰው ያጣ፣ እንባው ዓይኑ ጫፍ ላይ የደረሰ፣ ምን ሆንክ ቢሉት የሚፈነዳ ሰው ማለት ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ሆድ ብሷቸው ሐኪም ዘንድ መጡ ማለት፣ የሚሄዱበት ሌላ በር አጡ ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «ወንበሬን ስቤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ማን እንዳስከፋቸው እጠይቃቸዋለሁ። ልጆች እንዳሏቸው፣ ካሏቸውም ይጠይቋቸው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ማልቀስ ከፈለጉ እስኪወጣላቸው እጠብቃለሁ፤ አላቻኩላቸውም።» ከፈተናው ሁሉ እርግጠኛ የነበርኩበት መልስ ይህ ነበር። ተደስቼ ነው የወጣሁት።

አራሚው ከመልሴ ሥር የጻፈው ይኸውልዎ፦ «አመልካቿ በጽኑ የሆድ ሕመም የምትሠቃይን ታካሚ አስቀምጣ ስለ ልጆቿ ታወራታለች፤ ስታለቅስም ዝም ብላ ታያታለች። ለሙያው አደገኛ ናት።»

ወይ ጉድ! እኔ፣ ጉንዳን ላለመርገጥ የምዘል ሰው፣ አደገኛ ተባልኩ። ያን ቀን እውነቱን ልንገርዎ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሆድ ባሰኝ። ለዚህ ብለው ሐኪም እንዳይልኩልኝ እለምንዎታለሁ።

አምስተኛ። ለይግባኜ ስለተሰጠኝ ጥልቅ ትምህርት እጅ እነሣለሁ። ሁለቱ የተመሰከረላቸው ባለሙያዎች፣ ሆድ የአካል ክፍል እንደሆነ፣ ባሰ ማለትም ጠና ማለት እንደሆነ፣ ስለዚህ ሆድ ባሳት ማለት የሆድ ሕመሟ ጠና ማለት እንደሚሆን አስረድተውኛል። በዚህ ሂሳብማ ሆደ ሰፊውን ሁሉ ምግብ ቀንስ ልትሉት ነው። ሆድና ጀርባ የሆኑ ባልና ሚስት ሲመጡባችሁ ራጅ ልታነሧቸው ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ነገሩን የዋጠውን ምስኪን የጨጓራ መድኃኒት ልታጠጡት፣ ሆደ ቡቡዋን ደግሞ ቀድዳችሁ ልትሰፏት ነው። እኔ ይህን ቋንቋ እንደምናገር በማህተም አስመስክሪ ተባልኩ፣ አስመሰከርኩ፤ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ስናገር ግን አልታመንኩም። ታዲያ ማህተሙ ለምን አስፈለጋችሁ? ደግሞም ስህተቱን አላዩትም ብዬ አላምንም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

በዚያን ዕለት ከየአገሩ የመጣን አማርኛ ተናጋሪዎች ጥቂት ነበርን፤ ስንወጣ ደረጃው ላይ ስልክ ተለዋውጠን ነበርና አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራው ልጅ፣ ለሴትዮዋ መጀመሪያ ሻይ አስፈልቼ አቀርብላቸዋለሁ ብሎ ጻፈ። አዋላጇ ደግሞ፣ የልጃቸውን ስልክ ተቀብዬ እኔው እደውላለሁ፣ እንደሚሆንም አድርጌ እቆጣታለሁ ብላ ጻፈች። ሌሎቹም እንዲሁ፤ እኚያን እናት ትቷቸው የተነሣ የለም። ሁላችንም ዜሮ፣ ሁላችንም አደገኞች። ያለፈው ልጅነቱን እናንተ አገር ያሳለፈው ልጅ ብቻ ነው። አማርኛውን ከአያቱ በስልክ የተማረ ስለሆነ፣ ጥያቄውን እንደ ተርጓሚዎችዎ ቃል በቃል ቆጥሮ አነበበውና ሆዷን እመረምራለሁ ብሎ መለሰ። ራሱ ነው እያፈረ የነገረኝ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ጎበዝ ሐኪም ይሁን፤ እናቴ ሆድ በባሳት ቀን ግን እሱ ዘንድ አልወስዳትም።

እኔ በሥራዬ ፈተና አወጣለሁ፣ አርማለሁም። ክፍሉ በሙሉ አንድ ጥያቄ ላይ ሲወድቅ፣ ወላጅ አምጡ ብዬ አላባርርም። ቁጭ ብዬ የራሴን ጥያቄ መልሼ አነባለሁ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ካገኘሁት ልጆቹ ፊት ቆሜ እሰርዘዋለሁ፤ ይስቁብኛል፣ ይለፍላቸው እላለሁ፣ ትምህርቱ ይቀጥላል። ሰው በዚህ አይሞትም። ቦርድዎ ግን አንድ ጥያቄ ከሚሰርዝ ሰውን መሰረዝ ቀሎት ተገኘ።

ልቤን ለመናገር፣ ይህን ያህል የምጮኸው ለአንድ ዜሮ አይደለም። ልብን ለዓመታት በጠመኔ ስዬዋለሁ፤ ክፍሎቹን በቀይና በሰማያዊ ለይቼ፣ ደሙ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በቀስት አሳይቻለሁ። አንድ ቀን የእውነተኛ ሰው ደረት ላይ ጆሮዬን ጥዬ ልሰማው ነበር ምኞቴ። ተማሪዎቼ ገና ሳልፈተን ዶክተር እያሉ መጥራት ጀምረው ነበር፤ ጥግ ያለው ባለ ሱቅ ስኳር ልገዛ በገባሁ ቁጥር ምላሱን አውጥቶ ያሳየኛል። አሁንም ያሳየኛል። የተወሰነብኝን ልነግረው አፌ አልታዘዝ ብሎኛል። ሰው በስንፍናው ቢወድቅ ጥፋቱን ይቀበላል፤ በገዛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ የገዛ እናቱን ቃል በማወቁ ሲወድቅ ግን ያንገበግባል፣ ያቃጥላል።

እንግዲህ ልመናዬ ያው ነው። ጉባኤው ሲቀመጥ አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ይቀመጥበት። ተፈላጊው ሊቅ አይደለም፤ ዘበኛም ይሁን፣ ጽዳት ሠራተኛም ትሁን፣ ብቻ አንድ ቀን ሆድ ብሶት የሚያውቅ ይሁን።

ለሥልጣንዎ ዘላቂነት፣ ለማህተምዎ ቀለም አለመድረቅ፣ ለሁለቱ ባለሙያዎችዎም የማይጓደል እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ለታካሚ አደገኛ መሆኗ በቦርድ የተረጋገጠላት፣
አፏ ግን በእናቷ የተፈታ፣
የባዮሎጂ መምህርቷ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ ይህን ጽፌ ልልክ ስል ከቦርድዎ የትርጉም ጥራት ክፍል ደብዳቤ ደረሰኝ። «በይግባኝዎ ላይ ያሳዩትን የላቀ የቋንቋ ዕውቀት በማድነቅ» ሦስተኛዋ የአማርኛ አረጋጋጭ እንድሆን ተጋብዣለሁ። ግዴታው፣ የቦርዱን ጥያቄዎች ያየ ሰው ዕድሜ ልኩን ለፈተና እንደማያመለክት መፈረም ነው። ለሙከራ እንዳርመው የተላከልኝ ዓረፍተ ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ያው የእኚያ እናት ጥያቄ። ክቡር ሆይ፣ ጥያቄው ትክክል ከሆነ ምኑን ነው የማርመው? ስህተት ከሆነስ ዜሮው የማን ነው? አልፈርምም፤ እኔ የምፈልገው ሐኪም መሆን ነው። እርማቱን ግን በነጻ፣ በአደባባይ ይውሰዱት፦ «ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ሆዳቸውን ክፉኛ እያመማቸው ይመጣሉ።» ይህን ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ መልሴ እንዲህ ነበር፦ አልጋ ላይ አስተኛቸዋለሁ፣ እጄን አሙቄ ሆዳቸውን በቀስታ እመረምራለሁ፣ ከእኔ የሚበልጥ ሐኪም በአስቸኳይ አስጠራለሁ። ሐኪሙ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ወንበሬን ስቤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ይህንንም ዜሮ ይስጡት።