መኪናዬ ጋብቻ እንዳልከለከለች በማኅተም እንዲገለጽልኝ

ቀን፦ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወረዳው መንገድና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

አመልካች፦ ወ/ሮ ጌታነሽ ዳኜ
አድራሻ፦ ሞላሌ ከተማ

ጉዳዩ፦ መኪናዬ ጋብቻ የመከልከል ሐሳብም ሥልጣንም እንደሌላት እንዲጻፍልኝ፣ የታገደው መንጃ ፈቃዴም እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች በኮረንቲ የምትሄድ አንዲት የቤት መኪና አለችኝ። በሽተኛ ሐኪም ቤት አደርስባታለሁ፤ በጥር ደግሞ ሙሽራ አመላልስባታለሁ። ከፊቷ ሰው ወይም ከብት ሲገባባት እኔ ሳልነካው ራሷ ፍሬን ትይዛለች። ይህ ጠባይዋ እስከ ዘንድሮ ድረስ ከባለቤቷ ይልቅ አስተዋይ አስብሏት ነበር።

2. የታናሽ ወንድሜ ልጅ እስከዳር ለአቶ መኳንንት ልጅ ለምንተስኖት ታጭታ ሠርጉ ለጥር 17 ተቆረጠ። ጠጠሩ ቀለሟን እንዳይልጣት፣ ለሠርጉም እንድታምር ብዬ መኪናዬን ደብረ ብርሃን ወስጄ መከላከያ ስቲከር አስለበስኳት። ስቲከሩ የወርቅ መልክ ያለው፣ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚብለጨለጭ ነው። ባለሙያ ነኝ ያለኝ ሰው ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አንዲት ቀዳዳ ሳያስቀር ጠቀለላትና «እንደ ታቦት ነው የሸፈንኩልሽ» አለኝ። የአነጋገሩን ድፍረት ለንስሐ አባቱ ትቼዋለሁ።

3. ስመለስ ከመሪው አጠገብ ባለው ስክሪን ላይ በቻይና ፊደል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። መኪናዋ ከአገሯ ስትመጣ ቋንቋዋን ይዛ ነው የመጣችው፤ እኔ ደግሞ የቻይና ፊደል አልቆጠርኩም። ቀለሟ ስለተቀየረ «እንኳን ደስ ያለሽ» የምትለኝ መስሎኝ አለፍኩት።

4. በሠርጉ ዕለት ሙሽሮቹን አሳፍሬ ከወንድሜ ግቢ ስወጣ መኪናዋ ባዶ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። አጃቢው «ሙሽራዋ ከቤቷ አልወጣም አለች» ብሎ ሳቀ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ ደግማ ቆመች። እናቶች «ሳትሳለም አላልፍም ብላ ነው» ብለው እልል አሉላት። ሦስተኛው ከአቶ መኳንንት ቤት በታች ባለው ጠመዝማዛ ላይ ሆነ። በድንገት ስትቆም ከኋላ የሚከተለን የአጃቢ ሚኒባስ ገጨን። በእግዚአብሔር ቸርነት ማንም አልተጎዳም፤ የሙሽራዋ አክሊል ብቻ ተፈናጥሮ ሙሽራው ጭን ላይ አረፈ።

5. አቶ መኳንንት ከዳሱ ወጥተው መኪናዋን ዞረው ካዩ በኋላ፦ «መጀመሪያ ከአባቷ ደጅ፣ ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ አሁን ደግሞ ከእኔ ደጅ። ብረት እንኳ እምቢ ያለውን ጋብቻ እኔ እሺ ብል ምን እባላለሁ?» አሉ። ምንተስኖት «አባባ፣ የማገባው እኮ መኪናዋን አይደለም» ቢላቸው አልሰሙትም። ክቡር ኃላፊ፣ እኚህ ሰው አምና በቅሏቸው ወንዝ አልሻገርም ብላ ደጋግማ ስትገትርባቸው በቅሎዋን ገርፈው ነው እንጂ ጉዟቸውን ትተው አልተመለሱም። የእኔ መኪና በምን ዕድሏ ነቢይ እንደሆነች አልገባኝም።

6. እስከዳርን ያንኑ ዕለት በአጃቢ መኪና ወደ አባቷ ቤት መለስኳት። ወንድሜ ገና እንግዳ ሲያበላ ነበር የደረስነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ ልጁን በቬሎዋ ከመኪና ስትወርድ ሲያይ ያየሁትን ፊቱን በጽሑፍ ማስረዳት አልችልም።

7. ለአደጋው የመጡት የትራፊክ ባልደረባ «ለምን ፍሬን ያዝሽ?» ሲሉኝ «እኔ አልያዝኩም» አልኩ። «ታዲያ ማን ያዘ?» ሲሉኝ «መኪናዋ» አልኩ። ጠጋ ብለው አፌን አሸተቱኝ። ቀጥሎም «ያለ በቂ ምክንያት በድንገት በመቆም» ብለው ጽፈው መንጃ ፈቃዴን ወሰዱ። አልቀየምኳቸውም፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አሸት ነበር።

8. ዘመድ ተሰብስቦ መኪናዋ ጸበል ትረጭ ተባለ። ቄስ አትናቴዎስ መጥተው ቢረጯት ያለ ማቋረጥ መጮህ ጀመረች። የሰፈሩ ሰው «ለፈለፈ!» ብሎ ሲሸሽ ቄሱ ግን ጆሯቸውን ይዘው ጥቂት አዳመጡና «ሰይጣን ቢሆን ይጮህና ይለቃል፤ ይኼ ጮኸ እንጂ አልለቀቀም። መካኒክ ፈልጊ» አሉኝ። በዚህ ጉዳይ ከሰማሁት ሁሉ አስተዋይ ምክር ይህ ነው።

9. የእነዚህን መኪኖች ኮምፒውተር የሚያነብ ውባየሁ የሚባል ባለሙያ አስመጣሁ። ቀዩን ጽሑፍ በስልኩ አስተርጉሞ ሲያነብልኝ «የፊት ሴንሰር ተሸፍኗል» ይላል። መኪናዋ መንገዱን የምታይበት ካሜራ ከፊት መስታወቱ ጀርባ አለ፤ ከባምፐሩ ጀርባ ደግሞ ርቀት የምትለካበት መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ የሚልከው ሞገድ በተራ ፕላስቲክ ውስጥ ያልፋል፤ የእኔ ስቲከር ግን የሚብለጨለጨው የብረት ብናኝ ስላለበት ነውና ሞገዱን መልሶ ይወረውረዋል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ባዶው መንገድ ላይ ግድግዳ የቆመ ይመስላታል። በጸበሉ ጊዜ የጮኸችውም ለማቆሚያ የሚያገለግሉት ትንንሾቹ ሴንሰሮች ከስቲከሩ በታች ታፍነው ሳለ ውኃ ስለገባባቸው ነው። «ዓይኗን በወርቅ ጋርደሽ ነው የነዳሻት» አለኝ። ስቲከሩን ከእነዚህ ቦታዎች ላይ ቀዶ አነሳ፤ መሣሪያውንም እንደገና አስተካከለ።

10. ፈቃዴ የታገደ ስለሆነ ውባየሁ እየነዳ፣ እኔና ቄስ አትናቴዎስ ከኋላ ተቀምጠን ያንኑ መንገድ ተመላለስንበት። የትም አልቆመችም። አቶ መኳንንት ከደጃቸው ሆነው ሲያዩ ቆዩና ሊፈትኗት ነው መሰለኝ ጋቢያቸውን አጣፍተው ድንገት መንገዱ መሐል ገቡ። መኪናዋ ከፊታቸው ቀጥ አለች። «ይኸው፣ እኔንም ተቃወመችኝ!» አሉ። ቄሱ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «አቶ መኳንንት፣ ባትቃወምዎ ኖሮ አሁን ፍትሐት ላይ ነበርን» አሏቸው። አቶ መኳንንትም «መንግሥት ማኅተም መትቶ ከጻፈልኝ አምናለሁ» ብለው ገቡ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፦

ሀ) የውባየሁን የምርመራ ውጤት ከዚህ ጋር አያይዤ ስላቀረብኩ፣ መኪናዋ በዕለቱ የቆመችው ሴንሰሯ በስቲከር በመሸፈኑ መሆኑና በማንም ጋብቻ ላይ አስተያየት እንደሌላት በአንድ ገጽ እንዲጻፍልኝ፤

ለ) መንጃ ፈቃዴ እንዲመለስልኝ፤ ለሐኪም ቤት የሚጠሩኝን እየመለስኩ ነው፤

ሐ) ሌላውም ባለመኪና ከማስለበሱ በፊት ሴንሰሩ የት የት እንዳለ፣ ስቲከሩም ብረት ያለበት መሆን አለመሆኑን እንዲጠይቅ ማስታወቂያ እንዲለጠፍ በትሕትና አመለክታለሁ።

ጉዳዩ የሚያስቸኩለው ዐቢይ ጾም ሰኞ ስለሚገባ ነው። ቅበላ ካለፈ ሠርግ የለም። ልጆቹስ እሑድ ጠዋት እንደሚቆርቡ ለቄስ አትናቴዎስ ነግረው ጨርሰዋል፤ የእርስዎ ደብዳቤ መጣም ቀረም ይጋባሉ። የሚቀረው የአባትየው መምጣት ነው። አቶ መኳንንት በየማለዳው እኔ ዘንድ ሰው ይልካሉ፤ «ወረቀቱ አልመጣም?» ይሉኛል። ትናንት ደግሞ ራሳቸው መጥተው፣ በር ላይ እንደቆሙ፣ ሙሽራዋ ከብርዱ እንዴት እንደሆነች ጠይቀውኝ ሄዱ። እኚህ ሰው የሚፈልጉት ማስረጃ አይደለም፤ ሳያፍሩ የሚመለሱበት በር ነው። ያ በር በእርስዎ እጅ ስላለ እንዲከፍቱላቸው እለምናለሁ። ጽሑፉ አጭር ቢሆንም አይጎዳም፤ ማኅተሙ ግን ጠበቅ ተደርጎ ይመታልኝ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ከሩቅ የሚያነቡት እሱን ብቻ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ጌታነሽ ዳኜ
(ፊርማ)