የአረም ማስጫው አይቆፈርም

ለልጄ ለንዮማን ሚርታ፣

ከሁሉ አስቀድሜ መላ ቤተሰቡን የሚመለከት ከባድ ዜና አስታውቃለሁ፤ የሁለተኛው የእንግዳ ክፍላችን የመታጠቢያ ቤት በር እጀታ ባለፈው ማክሰኞ ወልቆ ዐርፏል። ነፍሱን ይማረው። አንተስ እንዴት ከርመሃል? ሚስትህ ዳርሚ ደኅና ናት? የልጅ ልጄ የኦካ የወለቀው ጥርሷ ተተካ? እኛማ የላክኸው ሰው ሜትር ይዞ እስኪመጣ ድረስ ጤነኞች ነበርን።

የባሕር አረም የምናሰጣበትን ሜዳ ልታስቆፍር ላሰብኸው መዋኛ ገንዳ ለካው። «አባባ፣ ቱሪስት የአረም ሽታ አይወድም» አለኝ። እኔም የቱሪስት ሽቶ አልወድም፣ ግን ችዬ እኖራለሁ አልሁት። የስምምነት ወረቀቱን ይዞ አሻራዬን ሊቀበል ሲጠጋ እርጥብ አረም ረግጦ በጀርባው ተዘረጋ። እናትህ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ስለ ስጋት ሰባት ገጽ እቅድ ጽፈህ አስተማርኸኝ። በአንድ የገቢ ምንጭ ብቻ መንጠልጠል አደገኛ ነው ትላለህ፤ ሰባተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ማስጫዬን ትቆፍራለህ። በኮሮና ጊዜ ሆቴልህ ተዘግቶ ከነሚስትህና ከነልጅህ ስትመጣ ያበላህ ይኸው የሚሸትህ አረም አይደለም? የአረሙን ቡቃያ ባሕር ውስጥ በምንዘረጋው ገመድ ላይ ስታስር ጣትህ እየተሰነጠቀ «አባባ፣ ሁለተኛ ባሕሩን አልከዳም» ያለኝ ማን ነበር? የመጀመሪያዋ የቱሪስት ጀልባ ስትመጣ ግን የቦርሳህን ዚፕ እንኳ ሳትዘጋ ሄድህ።

ጎረቤታችን ራይም እንዳንተው ነው። ድሮ ገመዱን ከባሕር ነቅሎ የእንግዳ ፎጣ ማስጫ አደረገው፤ ወረርሽኙ ሲመጣ ፎጣውን አውርዶ ገመዱን ወደ ባሕር መለሰ፤ ዘንድሮ ደግሞ ፎጣ ሰቅሏል። «ቱሪስቱ ተመለሰ እኮ» ይለኛል። ተመልሷል፣ የሄደበትንም መንገድ አልረሳውም እለዋለሁ። የእኔ እቅድ አንድ መስመር ነው፦ እንግዳ ሲመጣ አስተናግዳለሁ፣ ሲቀር አረሜን አሰጣለሁ። አሻራዬን አታገኝም። ስሞት ቆፍር እንዳልልህ፣ ቀኑን መቁጠር ትጀምራለህ።

ዳርሚን ሰላም በልልኝ፤ እሷ እንኳ ሰው ናት። ኦካን ሳምልኝ፤ ዋና የምትማረው ባሕሩ ውስጥ እንደሆነ ንገራት። እናትህ ሰላም ብላሃለች። እኔ ገና አልወሰንሁም።

አንድ ነገር ግን ፈጥሬ ጽፌልሃለሁ። ሰውየው አልወደቀም። የወደቅሁት እኔ ነኝ፤ ያነሣኝም እሱ ነው፤ ወገቤ እስካሁን አልተቃናም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡቃያውን ገመድ ላይ የምታስረው እናትህ ብቻዋን ናት። እሷም ስወድቅ አልሳቀችም።

አባትህ
ጁንጉትባቱ፣ ሌምቦንጋን ደሴት
ኦገስት 14 ቀን 2023