የማይዘጋው ኮምፒውተርና የአዴ ጫልቱ ድምፅ

ሐምሌ 8፣ ሰኞ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ዛሬም አልጠፋም። ሥራዬን ጨርሼ፣ ሁሉን በየቦታው አስቀምጬ እንዲዘጋ አዘዝሁት። «በመዝጋት ላይ» የሚለው ጽሑፍ ወጣ። ትንንሾቹ ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው መዞር ጀመሩ። እራት ቀረበ፤ ተበላ፤ ተነሣ። አሁንም ይዞራሉ።

ማስታወሻዬ፣ ሳምንት ሊሆነው ነው። ሌላ መላ ሳጣ ማብሪያውን ተጭኜ እስኪጨልም እይዘዋለሁ። እንዲህ ባደረግሁ ቁጥር ውስጡ አንድ ነገር የሚሰበር ይመስለኛል።

ባለቤቴ አስካለ ከሶፋው ላይ ሆና ሳቀችብኝ። እንደ እናንተ እንደ ሽማግሌዎቹ ስብሰባ ነው አለች፤ «በዚህ እንቋጭ» ከተባለ በኋላ ነው የሚጀምረው። አብሬያት ሳቅሁ። የፈራሁትን ግን እርሷ አታውቅም።

ለአንቺ፣ ማስታወሻዬ፣ ልንገርሽ። አምና ከከተማችን ከመቱ ወጣ ባለችው በዳሪሙ መንደር፣ በጫካ ቡና መካከል፣ አንድ ወጣት ተገድሎ ተገኘ። ገዳዩ አልታወቀም። ሁለት ቤተሰቦች እየተጠራጠሩ፣ በአንድ መንገድ መሄድ ትተው ይኖራሉ። ከፍርድ ቤት በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ የአስታራቂ ሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ባለፈው ወር አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት አስጠሩኝ። ያዩትን ነገሩኝ፤ ስም ጠሩ። የጠሩት ሰው የሚኖረው ከአጥራቸው ማዶ ነው። ስሙን ለአንቺም አልጽፈውም።

ፈቅደውልኝ ቃላቸውን በስልኬ ቀዳሁት፤ ወደ ኮምፒውተሩ አዛውሬ ከስልኩ ሰረዝሁት። የዳኛ ልማድ ነው፤ ያልተመዘገበ ቃል አያስተማምነኝም። ከእኔ በቀር ማንም እንዳይሰማው ማልሁላቸው። ዕቅዳችን በእርቁ ቀን ገዳዩ ራሱ ወጥቶ እንዲናገር ማግባባት ነው። ራሱ ከተናገረ የርሳቸው ስም አይነሣም። እርቁ ሐምሌ 20 ነው። ከዚያ በፊት ድምፁ ከዚህ ቤት ቢወጣ ግን አዴ ጫልቱ በሕይወት ስለ መኖራቸው ዋስትና መስጠት አልችልም።

ነጠብጣቦቹ ይዞራሉ። ልጫነው።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ፤ ከሰዓት በኋላ

ጅማ የምታስተምረው ልጃችን ሰናይት ደወለች። እንደ ሐኪም ጠየቀችኝ። የማተሚያው ገመድ ተነቅሏል? አዎን። ፍላሽ ተሰክቶ ቀርቷል? የለም። ለፋሲካ መጥታ አዲሱን የግእዝ መጻፊያ ፕሮግራም ስትጭንልኝ፣ አሮጌውን አጥፋው ብላኝ ነበር፤ አጥፍተኸዋል? አጥፍቼዋለሁ። በሚገባ አስታውሳለሁ። ከኮምፒውተሩ ገጽ ላይ የፕሮግራሙን ሥዕል ጎትቼ ቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ጣልሁት።

እንግዲያው በኢንተርኔት ገብቼ ከዚሁ ልየው አለች። አይሆንም አልሁ። እየሳቀች፣ አባዬ፣ ምን ደብቀህ ነው? አለች። ወሬ ቀየርሁ። በእርሷ ዓይን አባትዋ ግትር ሽማግሌ ነው። ይሁን።

ጣቶቼም አርጅተዋል መሰለኝ፤ ስጽፍ አንዳንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ ይወጣል።

ማምሻውን ያው መሽከርከር። በዚያው መሐል ነጎድጓድ። መብራት ሄደ። ቤቱ ሁሉ ድርግም። ለቅጽበት ደስ አለኝ፣ ጠፋልኝ ብዬ። ወዲያው ደግሞ በረደኝ፤ ድምፁ ከነጭራሹ ጠፍቶስ ቢሆን? መብራት ሲመለስ ከፈትሁት። አለ። በጆሮ ማዳመጫ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ሰማሁ። «ኦቦ ዳኛ» ይላሉ። ዘጋሁት።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ኮምፒውተሩን ሳልይዝ ወደ ጥገና ቤቱ ሄድሁ፣ መናኸሪያው አጠገብ። ባለቤቱ ኢያሱ የታወቀ ጎበዝ ነው፤ አፉም እንደ እጁ ፈጣን። ሕመሙን ነገርሁት። ሳያስጨርሰኝ መድኃኒቱን አዘዘ፤ ፎርማት። ፎርማት ያልፈታው ችግር የለም ጋሼ፣ አምጡት። በውስጡ ያለው ዶሴስ? ሳቀ። በጣቱ መደርደሪያውን አሳየኝ፤ ጥቋቁር ሳጥኖች ተደርድረዋል።

«አስቀድመን ወደ እኛ እንገለብጠዋለን። የመቱ ሰው ፋይል እኮ እኛ ጋ ነው ጋሼ፤ ሠርግ በሉ፣ ክርስትና በሉ፣ መመረቂያ ጽሑፍ በሉ።»

ለክፋት አይደለም። መብራቱ ስንቱን ማሽን አቃጥሏል። ሰው ከዓመት በኋላ እያለቀሰ ሲመጣ የልጁን ፎቶግራፍ ከዚያ አውጥቶ በነፃ ይሰጠዋል። በከተማችን ይህ ደግነት ነው፤ የፋይሉን ባለቤት መጠየቅ እንኳ ትዝ የሚለው የለም። ፎርማት ቢያደርገው ምስክርነቱ ይጠፋል። ቢገለብጠው ይወጣል። ከሁለቱ የትኛውን እንደምፈራ ግራ ገብቶኝ ቆምሁ።

ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ነጋዴ፣ ዳኛው ደግሞ ምን ፊልም ደብቀው ነው? አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም እንደ ደንቡ ሳቅሁ። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ፤ ማምሻውን

ማስታወሻዬ፣ የፈራሁት ደረሰ።

ጧት እዚሁ ጎረቤታችን ቡሬ ሄጄ ነበር፣ ለቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ለቅሶ። ዝናብ ይዞኝ ዘገየሁ። ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ። ኮምፒውተሩ የነበረበት ቦታ ብቻ አቧራ የለውም።

አስካለ ፈገግ ብላ ትጠብቀኛለች። ኢያሱን አስጠርታዋለች፤ በባጃጅ መጥቶ ወስዶታል። ከእኔ ይልቅ እርሱን ስታይ ሰነበትህ፤ ልገላግልህ ብዬ ነው አለች። እንዴት ልቆጣት? ያልነገርኋት እኔ። ያን ጊዜ ነገርኋት፤ ከስሙ በቀር ሁሉን። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ተነሥታ ነጠላዋን አንሥታ ቀድማኝ ወጣች።

ኢያሱ ሊዘጋ ሲል ደረስን። ገና ፎርማት አላደረገውም። መገልበጡን ግን ጨርሷል።

ያቺን ድምፅ ብቻ አጥፋ ብዬ ብነግረው በጣቴ ማመልከቴ ነው። ስለዚህ ሁሉን እንዲያጠፋ ጠየቅሁ፤ የፍርድ ቤት ዘመን ወረቀቶች አሉበት፣ ሕግ አይፈቅድም አልሁ። ቅር አለው። ለእርስዎው ብዬ ነበር ጋሼ አለ። አጠፋ። የሚሞላው አረንጓዴ መስመር እስኪያልቅ ዓይኔን አልነቀልሁም።

ከዚያ እንደ ቀልድ አንድ ነገር አነሣ። አብሮት የሚሠራው ሰው የድምፅ ፋይል ሲያይ ዘፈን መስሎት ከፍቶ ነበር። የምታወራ ሴትዮ ስትሆንበት ዘጋው።

ምን ያህል ሰማ? ለማለት አፌን ከፈትሁ። አልደፈርሁም። አስካለ ግን በሴት ወግ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ያ ረዘም ያለው? የየት አገር ልጅ ነው እርሱ?» አለች።

«የዳሪሙ።»

ኮምፒውተሩን ታቅፌ በዝናብ ወጣሁ።

ሐምሌ 14፣ እሁድ፤ ከቤ/ክ መልስ

ቅዳሴውን ቆሜ ሰማሁ ማለት አልችልም። ያ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ይሆናል። ወይም ሁሉን። የአዴ ጫልቱን ድምፅ ዐውቆ ይሆናል። ወይም ምንም።

ኮምፒውተሩ በቤት ነው። አሁንም አይዘጋም። ለሰናይት ደውዬ ያልነገርኋትን ነገርኋት። አልወቀሰችኝም፤ ይህ ደግሞ ከወቀሳ ከበደኝ። የተጫኑት ፕሮግራሞች የሚታዩበትን ቦታ እየመራች አስከፈተችኝ። ሁለቱም የግእዝ መጻፊያዎች አሉ። አሮጌውም አዲሱም። ለካ የጣልሁት ሥዕሉን ብቻ ኖሯል። ፕሮግራሙ በየጠዋቱ አብሮ እየተነሣ ከአዲሱ ጋር በአንድ የፊደል ገበታ ላይ ሲሻማ ነበር፤ ዝጋ ሲባል አልለቅም ይላል። ፊደሉን እጥፍ ያደረገውም እርሱ ነው።

አሮጌውን አስወገድሁ። ዝጋ አልሁት። ሦስት ጊዜ እንኳ ሳይዞር ጨለመ።

እንዲህ ቀላል ነበር። ማክሰኞ ዕለት ልጄን በኢንተርኔት አስገብቼ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ከዚህ ቤት አይወጣም ነበር። በጨለማው መስታወት ላይ ፊቴን አየሁ፤ ተነሣሁ።

ሐምሌ 15፣ ሰኞ

ለአዴ ጫልቱ ሊነገራቸው ይገባል። እንዴት?

በመኪና ብሄድ፣ ዳሪሙ መኪና ብርቅ ነው። የማን በር ላይ እንደ ቆመ ማምሻውን አገር ያውቀዋል። ልደውል ብል ስልክ የላቸውም፤ የሚፈልጋቸው ሰው የሚደውለው ወደ ጎረቤት ነው። ማስታወሻዬ፣ ያ ጎረቤት ከአጥራቸው ማዶ ያለው ያ ቤት ነው።

ለወረዳው ፖሊስ ለመንገር አሰብሁ። ከነገርሁ ስማቸው ይጻፋል፤ የተጻፈ ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚጓዝ በገዛ ቤቴ አይቻለሁ። ለእርቁ ዕለት ጥበቃ እንዲኖር ብቻ፣ ምክንያቱን ሳልዘረዝር፣ አስፈቀድሁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ገመቹ፣ የዚያው አገር ሰው ነው። ነገሩን አምኜ ነግሬው፣ መክረን አንድ መላ አገኘን። ከእርቁ በፊት ሽማግሌ እየዞረ ማለሳለሱ የተለመደ ነው። እንግዲያው የመንደሩን ቤት ሁሉ እንዞራለን። አንድም ሳንዘል።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ፤ ማምሻውን

መኪናውን ከዋናው መንገድ ላይ ትተን በእግር ገባን። ጭቃ። በየቤቱ ቁጭ አልን፣ መረቅን፣ የቀረበውን ቀመስን። ሆዴ በቡና ተነፋ። ገመቹ በየደጁ ይቀልዳል፤ ዳኛው ፍርድ ሲሰጥ ኖሮ አሁን ቡና ይለምናል እያለ።

ስሙን ከማልጽፈው ሰው ቤትም ገባን። ሰውየው ራሱ ውኃ ቀዳልን፣ እጃችንን አስታጠበን። ጣቶቹን አየሁ። ጣቶቼን እንዳያይ ፈራሁ። ገመቹ በጆሮዬ «ሱታ» አለኝ፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። ያቺን ቃል ይዤ ወጣሁ።

አዴ ጫልቱ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ገመቹ ደጁ ላይ ከመንገደኛ ጋር ጮክ ብሎ ሲጨዋወት፣ እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ኮምፒውተሩን፣ ጥገና ቤቱን፣ የዳሪሙን ሰው። ማልሁልዎት፤ አልጠበቅሁትም አልኋቸው። ቅጠሉን እስኪጨርሱ ቀና አላሉም። መቱ እህታቸው ዘንድ እንዲሰነብቱ ለመንሁ። እምቢ አሉ። እኔ ከሄድሁ፣ ያ ጎረቤት ለምን ሄደች ይላል፤ መሄዴ ራሱ ይናገርብኛል።

ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ኦቦ ዳኛ፣ ድምፄ ያለ እኔ መዞር ከጀመረ፣ ቀድሜው ልድረስ። ቅዳሜ እኔው እናገራለሁ።»

አይገደዱም፣ ምናልባት የጥገና ቤቱ ሰው ምንም አልሰማ ይሆናል አልሁ። ምናልባት እያልሁ ቤቴን አልዘጋም አሉ። ስወጣ ደግሞ ጠሩኝ።

«እርስዎ ጋ ያለውን ያጥፉት። ሁለት አፍ አያስፈልገኝም።»

ሐምሌ 19፣ ዓርብ

ገብርኤል። ከቤ/ክ እንደ ተመለስሁ የአዴ ጫልቱን ድምፅ አጠፋሁት። ቅርጫቱንም ባዶ አደረግሁ። ሰናይት በስልክ መስመሩ ላይ ሆና ካረጋገጠች በኋላ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ወዲያው ተዘጋ።

ፍርሃቴ አብሮ አልተዘጋም። አስካለ ጥገና ቤቱ ጎራ ብላ ነበር፣ ቻርጀር ትጠይቅ መስላ። ረዘም ያለው የለም። ከሰኞ ጀምሮ አገሩ ገብቷል፣ የእርሻ ወቅት ነው ብሎ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐምሌ ነውና። ምሳ ቀርቦ ሁለታችንም አልበላንም።

በችሎት ዘመኔ ምስክሮችን አትፍሩ፣ ሕግ አለላችሁ እል ነበር። ምን ያህል ከባድ ነገር እንደምጠይቃቸው አላውቅም ነበር።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ፤ ንጋት 12 ሰዓት

ዝናቡ አባርቷል። መኪናው ደጅ ነው። አስካለ ነጠላዋን ለብሳ ተቀምጣለች፤ አልመጣም አላለችም፣ እኔም አልከለከልኋትም።

ሲነጋጋ ለገመቹ ደወልሁ። ዛሬ ሰብሳቢው እርሱ ይሁን። አንድ ሽማግሌ ከአንዱ ወገን ሊቆም አይገባውም፤ እኔ ደግሞ ልቆም ነው። አዴ ጫልቱ ከመናገራቸው በፊት እኔ እናገራለሁ፤ ቃላቸውን እንደ ቀዳሁ፣ ከቤቴም እንደ ወጣ። ሊቆጣ የሚፈልግ በእኔ ይጀምር። ገመቹ፣ ወንበሩ ይቆይሃል አለ። አይቆየኝ አልሁት።

ጉባኤው በት/ቤቱ ሜዳ ነው። ከአዴ ጫልቱ ደጅ እስከዚያ የሚወስደው መንገድ በዚያ ቤት አጥር ሥር ያልፋል፤ ሌላ መንገድ የለም። ከደጃቸው ጀምሬ አብሬያቸው እሄዳለሁ። በስተግራቸው፣ በአጥሩ በኩል።